ብረት በአገው ምድር፦ ከወናፍ እስከ ፌሮ

በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዱሊስ ወደብ ላይ ያረፈው ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ የሰማውን በጽሑፍ አስቀርቶልናል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደሚባል ወርቅ አምራች አገር ነጋዴዎች ይልክ ነበር። ጉዞውን የሚያሰናዳው የአገው ገዥ ነው። ነጋዴዎቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይሠራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን አጥሩ ላይ ይደረድራሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ ከሚፈልገው ዕቃ አጠገብ ወርቅ ያኖራል። ባለ ዕቃው ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል።

የኮስማስ አገው ዛሬ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከምንለው ምድር ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። አገው ከዋግና ከላስታ አንሥቶ እስከ ጎጃም ተዘርግቶ የኖረ ሕዝብ ነው። ቢሆንም በአገው እጅ አልፎ የሄደ ብረት ከወርቅ ጋር የሚመነዘር ዕቃ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ጥንታዊ ምስክር አናገኝም።

ከኮስማስ 400 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የተጻፈ የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያም አለ። ወደ አዱሊስ የሚገባውን ሸቀጥ ሲዘረዝር ለጦር መሥሪያ የሚሆን ብረትን ይጠቅሳል፤ ጦሩ ዝሆንና አውሬ ይታደንበታል፣ ጠላት ይወጋበታል። ከሕንድ የሚመጣውን ሲቆጥር ደግሞ ብረትን ለብቻ፣ አረብ ብረትን ለብቻ ያነሣል። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ይህንኑ መለየት ነው። የትኛው ብረት ለየትኛው ሥራ ይሆናል? በአዊ ምድር ብረቱ ብዙ ጊዜ መልኩን ለውጧል፤ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሰውም አብሮ ተለዋውጧል።

ከ6ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን፦ ከሰልና ወናፍ

ብረትን ከብረት የሚለየው በአብዛኛው በውስጡ ያለው ካርቦን ነው። መጠኑ ሲሰሙት ኢምንት ነው። ከመቶ እጅ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በታች ካርቦን ያለው ብረት ይታጠፋል፣ ይሳባል፣ ይበየዳል፤ ግሎ ውሃ ውስጥ ቢነከር ግን እምብዛም አይጠነክርም። ከ0.3 እስከ 0.6 በመቶ ሲሆን ጥንካሬው ይጨምራል፣ መታጠፉ ይቀንሳል። ከ0.6 ሲያልፍ ስለት የሚይዝ፣ እንደ ምንጭ ተለጥጦ የሚመለስ፣ ያለ አግባብ ቢመቱት ደግሞ የሚሰበር ብረት ይሆናል። ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ በቅርጽ የሚፈስስ እንጂ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ አይደለም። የጥንቱ ቀጥቃጭ እነዚህን ቁጥሮች አያውቅም፤ ቁጥሮቹ የሚያስከትሉትን ግን ያውቅ ነበር።

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የብረት ማቅለጫው የጭቃ ምድጃ ነበር። የማዕድኑ ድንጋይና ከሰል ይነባበራሉ፣ ከሥር በፍየል ወይም በበግ ቆዳ ወናፍ ይነፋል። የምድጃው ሙቀት 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የድንጋዩ ቆሻሻ ይቀልጣል፤ ብረቱ ግን አይቀልጥም፣ የእርሱ መቅለጫ 1,538 ዲግሪ ነውና። ከምድጃው የሚወጣው ቀዳዳው የበዛ፣ ዝቃጭ የተቀላቀለበት ጓል ነው። ያ ጓል በመስፍ ላይ እየተጋለ ይቀጠቀጣል፣ ዝቃጩ ይወጣለታል። ከአንድ ምድጃ የወጣ ጓል እንኳ ወጥ አልነበረም፤ ከከሰሉ የበለጠ የተገናኘው ወገን ካርቦን ጠጥቶ ይጠነክራል፣ ሌላው ልስልስ ሆኖ ይቀራል። ቀጥቃጩ ስብራቱን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ በመዶሻው መልስ ለክቶ ይለያል። ጠንካራውን ለምሳርና ለጦር ጫፍ፣ ልስልሱን ለልጓምና ለእርካብ ያውለዋል።

ይህን ያህል ዕውቀት የነበረው ሰው ግን ርስት አልነበረውም። በጎጃምም እንደ ሌላው ደጋ ቀጥቃጭ ከማኅበረሰቡ ዳር የሚኖር ነበር፤ በቡዳነት ይጠረጠራል፣ ጋብቻ ይነፈጋል። ማረሻውን የሚገዛው ገበሬ ከእርሱ ጋር አይበላም። ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ እየተላለፈ፣ ሳይጻፍና ሳይሰፋ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1763 እስከ 1860 ዓ.ም.፦ የጎንደር ገበያና የጋፋት እሳት

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት የግልገል አባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ ሲወርድ የአገው ምድርን አየ። ጎንደርን የሚያበላው አገው እንደሆነ ጽፏል፤ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቆዳና ሰም ወደ ከተማዋ ይጎርፍ ነበር። ገበሬው ያርስ የነበረው በማረሻ ጫፍ፣ ያጭድ የነበረው በማጭድ ነው። በጎንደር ዙሪያ የቀጥቃጭነቱን ሥራ በብዛት የያዙት ቤተ እስራኤል ነበሩ። በሬው፣ ሞፈሩና ቀንበሩ የገበሬው ቢሆኑም አፈሩን የምትቀድደው የብረት ጫፍ ከባለ እጁ ቤት ትወጣለች።

የመንግሥት ዓይን በብረት ላይ ያረፈው በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አስገደዱ። ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ተጎተተ። መድፉ ግን ከነሐስ የተሠራ ነበር። ነሐስ ከ1,000 ዲግሪ ሳይርቅ ይቀልጣል፤ ብረትን አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ከዚያ የላቀ ሙቀትና ሌላ ዓይነት ምድጃ ይጠይቃል። ቴዎድሮስ የፈለጉት ፋብሪካ ነበር፤ ከጋፋት ምድጃ የወጣው ያ ምድጃ የቻለውን ያህል ነው።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1856፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር ነፍቶ ካርቦኑን የሚያቃጥልበትን መንገድ ይፋ አደረገ። ቀድሞ በስንት ድካም በኪሎ ይገኝ የነበረው አረብ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ በቶን ይወጣ ጀመር። የባቡር ሐዲዱ፣ የመርከቡ፣ የድልድዩና የፎቁ ዘመን የተከፈተው በዚህ ነው። የአገው ቀጥቃጭ ስለዚህ ነገር አልሰማም። የልጁ ልጅ ግን ውጤቱን በገበያ አገኘው።

ከ1888 እስከ 1926 ዓ.ም.፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ብረት

በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ከዘመተው ሠራዊት ውስጥ የአገው ፈረሰኞች ነበሩ። ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ አሸብርቆ የሚወጣው የእነዚያን ፈረሶችና ፈረሰኞች ውለታ ለማስታወስ ነው። በዓሉን የሚያዘጋጀው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። የፈረሱ ግላስና ኮርቻ ዓይን ይማርካሉ፤ ፈረሱን የሚገዛው ግን በአፉ ያለው ልጓም ነው። ልጓም የሚሠራበት ብረት ልስልስ መሆን አለበት፤ ሳይሰበር መታጠፍን የሚችል፣ ስለት የማያወጣ። የገጠሩ ቀጥቃጭ ይህን ሲመርጥ ኖሯል።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ቀጥቃጩን ጠይብ እያሉ፣ ሸማኔውንም በሥራው እየሰደቡ ማዋረድ አገርን ያለ ሙያተኛ እንደሚያስቀር አዋጁ ይናገራል። ከዘመኑ የቀደመ አዋጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ልማድ ግን በአዋጅ ብቻ አይሻርም፤ የአዊ ገበያዎችም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም።

ቀጥቃጩን የለወጠው ከአዋጁ ይልቅ ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ ራሱ የአውሮፓ አረብ ብረት ነው፤ በላዩ የመጣው ዕቃም ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ዘንግ ብረትና አካፋ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ያለው መንገድ ገና የበቅሎና የአህያ ቢሆንም ከውጭ የመጣው ብረት ቀስ እያለ ደረሰ። በየደጋው ያለው የጭቃ ምድጃም እሳቱ እየጠፋ ሄደ። ድንጋይ ፈልጎ፣ ከሰል አክስሎ፣ ቀኑን ሙሉ ወናፍ ነፍቶ ጥቂት ኪሎ ጓል ከማውጣት የተዘጋጀ ብረት መግዛት ይቀላል። ማቅለጥ ቀረ፣ መቀጥቀጥ ግን ቀጠለ።

በዚህ ለውጥ የጠፋውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቀጥቃጩ ጓሉን ከራሱ ምድጃ ሲያወጣ የብረቱን ጠባይ ከሥሩ ያውቀው ነበር። አሁን ግን የማያውቀው ሰው በማያውቀው አገር የሠራውን ብረት ተቀበለ፤ ጠባዩንም እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

ዳንግላ በእነዚህ ዓመታት ከሱዳን ጋር በሚያገናኘው ንግድ የምትታወቅ ከተማ ሆና ነበር። እንግሊዝ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላዋን የከፈተችው እዚያ ነው። ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ገደማ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ጣናንና አባይን ዞሮ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፏል። በጊዜው በአገው ምድር ቤት ማለት ግድግዳው እንጨት ወይም ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። ከባንጃ ደጋ የሚወርደው ቀርከሃ ለግድግዳውም ለጣሪያውም ማዋቀሪያ ያገለግላል። ብረት በቤት ሥራ ውስጥ ያለው ድርሻ ከጥቂት ሚስማር አይበልጥም ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ፎርቶና ባሌስትራ

ጣሊያን አገው ምድርን ሲይዝ ዳንግላና እንጅባራ ላይ ፎርቶ የሚለውን ምሽግ ሠራ። ከደብረ ማርቆስ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር መኪና ማመላለስ ጀመረ። በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ አካባቢው የገባው ብረት ከዚያ በፊት ከገባው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይመስለኝም፤ የጭነት መኪና፣ የእሾህ ሽቦ፣ በርሜል፣ ላሜራ፣ ቱቦ። ኦፊቺናው፣ ላሜራው፣ ባሌስትራው፣ ፌሮው ከነስማቸው ቀሩልን።

ወራሪው በገጠሩ አልደላውም። በፋግታ አካባቢ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጦራቸውን ይዘው ነበር። በ1932 ዓ.ም. ነሐሴ ከሱዳን የተሻገረው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ዳንኤል ሳንድፎርድ ወደ ጎጃም አርበኞች የመጣው በዚህ በኩል ነው፤ ሌላው እንግሊዛዊ መኮንን ኦርዴ ዊንጌትም በ1933 ዓ.ም. ኅዳር በአውሮፕላን ፋግታ አረፈ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ጦሩ በበላያ በኩል ወጣ፣ ጣሊያንም በየካቲት ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ጣሊያን ሸሽቶ የተወው ብረት ለቀጥቃጩ እንደ አዲስ ማዕድን ሆነለት። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ነው፤ የአዊ ቀጥቃጭ ዛሬም ድረስ የሚሠራበት ዕውቀት የተገነባው በዚህና በተከተሉት ዓመታት ነውና።

ከተሰበረ የጭነት መኪና የሚወጣው ብረት አንድ ዓይነት አይደለም። ባሌስትራው፣ የመኪናው ንጣፍ ምንጭ፣ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ ከዚያም ማንጋኒዝና ሲሊከን ወይም ክሮም ያለበት ነው። ሲጋልና በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ በልኩ ደግሞ በመጠኑ ካሞቁት ሳይሰበር ይለጠጣል። ለማጭድ፣ ለቢላዋና ለምሳር አፍ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። የመኪናው አክስል 0.4 በመቶ ገደማ ካርቦን የያዘ መካከለኛ ብረት ነው፤ ለመሮና ለከባድ መዶሻ ይሆናል። የሻሲው ሰሌዳ ልስልስ ነው፣ ይታጠፋል፣ ስለት ግን አይይዝም። የበርሜል ላሜራ ካርቦኑ ከ0.1 በመቶ በታች ነው፤ ለምድጃ፣ ለማሰሮ ክዳን፣ ለቀፎና ለበር መሸፈኛ ይሆናል እንጂ ለመሣሪያ አይሆንም።

ቀጥቃጩ እነዚህን የለየው በሙከራ ነው። ቁራጩን ያግላል፣ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ በሞረድ ይፍቃል። ሞረዱ ከነከሰው ልስልስ ነው፤ ካንሸራተተው ጠንክሯል። መስፍ ላይ ሲመታው ተሰብሮ ስብራቱ እንደ ደቃቅ አሸዋ ከታየው ደግሞ እንደ ባሌስትራ ያለ ነው ይላል። ማረሻ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በጣም የጠነከረ ጫፍ ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል፣ በጣም የለሰለሰው በአንድ ክረምት ያልቃል። ጥሩ ቀጥቃጭ በሁለቱ መካከል ያለውን ያገኛል። መሐንዲስ በቤተ ሙከራ የሚሠራው የጥንካሬና የመሰበር ፈተና በመሠረቱ ይኸው ነው።

ከ1943 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ መንገድና ትምህርት ቤት

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ዳንግላን አቋርጦ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የአካባቢው የሕይወት መስመር ሆነ። ኮሶበር ትባል የነበረችው እንጅባራ የቻግኒው መንገድ የሚገነጠልባት መስቀለኛ ናት፤ የኋላ ታሪኳ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። መኪና ሲመጣ ቆርቆሮው በጭነት መጣ። ቀድሞ የባለ ሥልጣንና የነጋዴ የነበረው የቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ውሎ አድሮም ወደ ገበሬው ወረደ። ቆርቆሮ ከካርቦኑ ሁሉ ዝቅተኛው ያለበት ቀጭን አረብ ብረት ነው፤ ከዝገት የሚያድነው የተለበጠው ዚንክ ነው። እንደ እንጅባራ ዝናቡ በሚበረታበት አገር የቆርቆሮ ዕድሜ በዚንኩ ውፍረት ይወሰናል። ጌጁ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35ቱ ከባለ 28ቱ ርካሽ የሆነው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ባሕር ዳር ላይ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ነው። ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ነበር። በጎጃም ምድር ብረትን መሥራት ለመጀመሪያ ጊዜ ዲፕሎማ የሚሰጥበት፣ በደብተር የሚጻፍ፣ የማንም ቤተሰብ ልጅ ተወዳድሮ የሚገባበት ሙያ ሆነ። ከምኒልክ አዋጅ 55 ዓመት በኋላ መሆኑን ሳስብ ከአዋጁ ይልቅ ይህ ትምህርት ቤት የቀጥቃጩን ክብር ከፍ አድርጓል እላለሁ። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ አባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ደግሞ ለባሕር ዳር የብየዳ እሳት አመጣ፤ እንጅባራና ዳንግላ ከዚህ የደረሱት ዘግይተው ነው።

በዚያው ዘመን ዓለም የግንባታ ብረትን በደረጃ መጥራት ተለማምዶ ነበር። ጀርመኖች ኤስቲ 37 ሲሉ ከመሰበሩ በፊት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 37 ኪሎ ግራም የሚሸከም ብረት ማለታቸው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1960 ኤ36ን አወጡ፤ መለኪያቸው ግን ሌላ ነው። ብረት ሲሳብ መጀመሪያ ይለጠጥና ሲለቁት ይመለሳል፤ ከአንድ ልክ በኋላ ግን ተለጥጦ ይቀራል። የኤ36 ቁጥር የሚናገረው ይህን ልክ ነው፣ በእኛ መለኪያ 250 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር። ለቤት ሠሪ የሚበጀው ሁለተኛው አነጋገር ነው፤ ቤት የሚፈርሰው ብረቱ ከመበጠሱ በፊት ተለጥጦ ሲቀር ጭምር ነውና።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ በኮታ

በደርግ ዘመን የብረት ፋብሪካዎች ተወረሱ፣ የግንባታ ዕቃ በመንግሥት ድርጅት በኩል ይከፋፈል ጀመር። በአቃቂ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ የተሠራው በዚህ ዘመን ማብቂያ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በጣሊያን ኩባንያ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክትና የፓዌ ሰፈራ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወስደውን መስመር የከባድ ማሽን መንገድ አደረገው። ለከተማው ነዋሪ ግን ብረት ማግኘት ከባድ ነበር፤ የብየዳ ቤትም ጥቂት። ገበሬው እንደ ቀድሞው ወደ ቀጥቃጩ ሄደ።

ከ1984 እስከ 2002 ዓ.ም.፦ ፌራዮ፣ ቱቦላሬና የሕንፃ ደንብ

እንጅባራ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ግንባታ በአንድ ጊዜ ፈሰሰባት። መሥሪያ ቤት፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ ኋላም በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ዩኒቨርሲቲ። ዳንግላም በንግዷ አደገች። ቀርከሃና ጭቃ ለኮንክሪት ቦታ ለቀቁ፤ ኮንክሪት ደግሞ ያለ ፌሮ አይቆምም። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል፤ የሚሳበውን ወገን የሚይዝለት ፌሮው ነው። ፌሮ የሚቆርጠው፣ የሚያጥፈውና ስታፋ የሚያስረው ፌራዮ በአዊ ከተሞች አዲስ ሙያተኛ ሆኖ ተነሣ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ የብረትን ደረጃ ሕግ አደረገው። ለብረት መዋቅር ሦስት ደረጃዎች ተቀመጡ፦ ኤፍኢ 360፣ 430 እና 510፤ ተለጥጠው የሚቀሩበት ልክ በቅደም ተከተል 235፣ 275 እና 355 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር ነው። በሰው ቋንቋ፣ የመጀመሪያው በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ወደ 24 ኪሎ ግራም፣ የመጨረሻው 36 ኪሎ ግራም ያህል ይይዛል። ለመጋዘን ጣሪያ፣ ለበርና ለመስኮት፣ ለቆጥና ለደረጃ የመጀመሪያው በቂ ነው። ከቻይና የሚመጣው ኪው235ም የዚሁ አቻ ነው። ሦስተኛው ለሰፊ አዳራሽና ለድልድይ ተሸካሚ ይሆናል፤ ክብደት ስለሚቀንስ ዋጋው ከፍ ቢልም ያዋጣል።

ከቁጥሩ በኋላ የሚጻፉ ፊደላትም አሉ። በአውሮፓው አጠራር ጄአር የተባለው ብረት በ20 ዲግሪ፣ ጄ0 የተባለው በዜሮ፣ ጄ2 የተባለው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት እንደማይሰበር ተፈትኗል። እንጅባራ ብርዷ ቢያንቀጠቅጥም የአውሮፓን ክረምት አታውቅም፤ ለተራ ቤት ጄአር ይበቃታል። ይህን ያወቀ ገዢ ለማያስፈልገው ፊደል ገንዘብ አይከፍልም።

ለፌሮ ደንቡ ኤስ 300፣ ኤስ 400 እና ኤስ 460 የሚባሉ ደረጃዎችን ያውቅ ነበር፤ በገበያ በብዛት የሚጠራው ግን ግሬድ 60 ነው፣ 420 ኒውተን ገደማ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ባለ 12 ፌሮ ደረጃው 300 ከሆነ ተለጥጦ ሳይቀር ወደ 3.5 ቶን፣ ግሬድ 60 ከሆነ ወደ 4.8 ቶን ይሸከማል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን አይለያቸውም። መሐንዲሱ በግሬድ 60 አስልቶ ሥራ ተቋራጩ ሌላውን ቢያስገባ ሕንፃው ፌሮው ሊሰጠው ከሚገባው ጉልበት ከሩብ በላይ የሚሆነውን ሳይወለድ ያጣል።

ሁለተኛው አደጋ ውፍረት ነው። ለዚህ ማንም ቤት ሠሪ ሊሠራው የሚችል ፈተና አለ። የፌሮውን ውፍረት በሚሊሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል፤ የሚወጣው የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ግራም ነው። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.889፣ በ12 ሜትር ቁመቱ 10.7 ኪሎ ግራም ያህል መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ግራም ከመዘነ የገዛነው ባለ 11 ነው፤ ከብረቱ 16 በመቶ ያህል ጎድሎናል። በብዙ የብረት መሸጫ ደጃፍ ሚዛን አለ፤ ፌሮ ላይ የሚያውለው ገዢ ግን ጥቂት ነው።

በዚሁ ዘመን በአውራ መንገዱ ዳርና ዳር የብየዳ ቤቶች ተሰለፉ። ቱቦላሬ ይቆርጣሉ፣ ላሜራ ያጥፋሉ፣ የበር፣ የመስኮት፣ የአልጋና የሱቅ መዝጊያ ያወጣሉ። የእንጅባራና የዳንግላ ጎዳና ጌጥ የሆነው የፈረስ ጋሪም ከዚሁ ይወጣል፤ ማዕቀፉ አንግል፣ መዞሪያው የአሮጌ መኪና አክስል። እዚህ ላይ የካርቦን ነገር ተመልሶ ይመጣል። አንግሉና ቱቦላሬው ካርቦናቸው ዝቅተኛ ስለሆነ በቀላሉ ይበየዳሉ። አክስሉና ባሌስትራው ግን ብየዳው ሲቀዘቅዝ በመገጣጠሚያው ዳር ደርቀው ይሰነጠቃሉ፤ መጀመሪያ ካላሞቋቸው፣ በኋላም ቀስ ብለው ካላበረዷቸው ጋሪው ከነጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ልምድ ያለው በያጅ አክስሉን በቀጥታ አይበይድም፣ በብሎን ያስረዋል።

በ2002 ዓ.ም. በዞኑ ጃዊ ወረዳ በኩል የጣናን ውሃ በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የበለስ ጣቢያ ተመረቀ። ኃይሉን የሚያወጡት ምሰሶዎች በዚንክ ከተለበጠ አንግል በብሎን የተገጣጠሙ ናቸው። ለብዙ የገጠር ልጅ የመዋቅር ብረት መጀመሪያ የታየው በእነዚህ ምሰሶዎች ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ፦ ወደ ጉባ የሚያልፈው ብረት

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል እንጅባራ እንደገና መስቀለኛ ሆነች። ሲሚንቶና ብረት የጫኑ ከባድ መኪኖች እዚህ ታጥፈው በቻግኒና በግልገል በለስ በኩል ወደ ጉባ ወረዱ። የግድቡ ግዙፍ የውሃ ቧንቧዎችና በሮች ከሰሌዳ ብረት በብየዳ የሚሠሩ ናቸው፤ ጥራታቸው የሚለካው በብረቱ ደረጃና በበያጁ እጅ ነው። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ የብረት ሥራውን ውል ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ወስዶ ለሌሎች ሰጠ። ያ ውሳኔ የብረት ብየዳን ጉዳይ የመላ አገሪቱ መነጋገሪያ አደረገው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከአዊ ሰው ጉዞ ጋር የተያያዙት ሁለት ድልድዮችም የዚህ ዘመን ውጤት ናቸው። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል አባይን የሚሻገረው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ከግድቡ ቀድሞ በጃፓን እርዳታ ተከፍቷል። ባሕር ዳር ላይ ያለው 380 ሜትር ርዝመት ያለው ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ተመረቀ። ሁለቱም ኮንክሪታቸውን አጥብቀው የሚይዙ ገመዶች አሏቸው። የገመዱ ሽቦ 0.8 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ ከተራ ፌሮ አራት እጥፍ ያህል የሚጠነክር ነው፤ ቅርበቱ ከቱቦላሬው ይልቅ ለቀጥቃጩ ባሌስትራ ነው።

ዛሬ እንጅባራ ላይ የሚሸጠው ፌሮ አብዛኛው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በቢሾፍቱና በዱከም ያሉ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ነው። መነሻው ከውጭ የሚመጣ፣ ቢሌት የሚባል ያልተዳመጠ የብረት ግንድ ነው፣ ካልሆነም የአገር ውስጥ ቁርጥራጭ። ቁራሌው በዳንግላ ሰፈሮች እየዞረ የሚሰበስበው የተሰበረ ማረሻና አሮጌ ቆርቆሮ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። ቁርጥራጭ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል፤ ባሌስትራና ቆርቆሮ አብረው ሲገቡ ካርቦኑ ከቅልጥ ወደ ቅልጥ ይለያያል፣ እያንዳንዱ ቅልጥ ተመርምሮ ካልወጣ አንዱ ፌሮ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሌላው በጭነት ይለጠጣል።

የአሁኑ ፌሮ ጥንካሬውን የሚያገኝበት መንገድ ደግሞ ቀጥቃጩን የሚያስደስት ነው። ከመዳመጫው ግሎ ሲወጣ ውሃ በኃይል ይረጭበታል፤ ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ እምብርቱ ልስልስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ካርቦኑን ሳያበዙ ግሬድ 60 ይደርሳሉ፣ ፌሮውም ይታጠፋል፣ ይበየዳል። ፌራዮው ለማጠፍ እንዲቀለው በእሳት ካጋለው ግን ያ ቅርፊት ይጠፋል፤ የተገዛው ግሬድ 60 በዚያ ቦታ ግሬድ 60 መሆኑ ይቀራል። ፌሮ በቀዝቃዛው ነው የሚታጠፈው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የጭነት መንገዱን አውኮታል፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከውጭ የሚመጣው ቢሌት ተወደደ። በዚህ ጊዜ ነው ርካሽና ቀጭን ፌሮ ገበያ የሚያገኘው። ሥራው በደንብ የተያዘ ከሆነ ግን ከየጭነቱ ናሙና ተቆርጦ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ በማሽን ይሳባል፣ የተለጠጠበት ልክ፣ የተበጠሰበት ጉልበትና ከመበጠሱ በፊት የረዘመበት መጠን ይመዘገባል። ሦስቱ ቁጥሮች ሳይታዩ ኮንክሪት አይሞላም።

የቀጥቃጩም እሳት ፈጽሞ አልጠፋም። በፋግታ ለኮማ ኮረብቶች ላይ ካለፉት ሁለት አስርት ዓመታት ወዲህ የተስፋፋው የደከረንስ ዛፍ ከሰሉ ለከተሞች ይጫናል፤ ከፊሉ ግን እዚያው በገበያ ቀን በቀጥቃጩ ወናፍ ፊት ይነድዳል። ማዕድን አቅልጦ ብረት ማውጣት በአዊ ድሮ ቀርቷል። በወለጋ ቢቂላልና በሌላው አገው ምድር በዋግ ኽምራ የብረት ማዕድን እንዳለ ተጠንቷል፤ የእንጅባራ ፌሮ ግን እስካሁን ከቢሌትና ከቁርጥራጭ ነው የሚሠራው።